የሐዲዱ ሌላው ጫፍ፦ የጅቡቲ ከተማ ጉብኝትና ታሪኳ

ጅቡቲ ሲባል በብዙ ኢትዮጵያዊ ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ወደብ ነው። ቀጥሎ ሙቀቷ ይታወሳል፤ ከዚያም ኮንቴይነር ጭነው በጋላፊና በደወሌ መንገድ የሚሰለፉት ከባድ መኪናዎች። ነጋዴው ዕቃውን አስፈትቶ ይመለሳል፣ ሾፌሩ ጭነቱን ተረክቦ ይነሣል፣ መንገደኛው ወደ ሌላ ሀገር ይሻገራል። ከተማዋን ሊያይ የመጣ ግን ጥቂት ነው። በውስጧ ለዓመታት የኖረው ሐበሻ እንኳ ሥራ ቦታውን፣ ገበያውንና ቤተ ክርስቲያኑን እንጂ ከተማዋን እንደ ከተማ የተመለከተበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ሰው ስቶክሆልምን ወይም ፓሪስን ሊጎበኝ ሲሄድ ካርታ ይገዛል፣ ስለ እያንዳንዱ ሕንፃ ይጠይቃል። ጅቡቲን ግን እንደ በር ብቻ ያያታል፤ በር ደግሞ የሚታለፍ እንጂ የሚታይ ነገር አይመስልም።

ይሁን እንጂ ይህች ከተማ ከተመሠረተች ገና አንድ መቶ አርባ ዓመት ያልሞላት ብትሆንም፣ ከአደባባይዋ እስከ ባቡር ጣቢያዋ፣ ከመስጊዷ እስከ ጀልባ ማረፊያዋ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ ያለፈባት ናት። በአንድ ቀን የእግር ጉዞ የሚዳረሱት ሥፍራዎች ስለ አድዋ ዘመን ዲፕሎማሲ፣ ስለ ባቡሩ ግንባታ፣ ስለ 1928 ዓ.ም. ስደትና በሕዝቦች መካከል ስለ ነበረው መልካምና ክፉ ግንኙነት ይናገራሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሦስቱ አምባዎች

ጉብኝቱን ከባሕሩ ዳር መጀመር ይሻላል፤ ከተማዋም የጀመረችው ከዚያው ነውና። አሮጌዋ ጅቡቲ ከባሕሩ ጥቂት ከፍ ባሉ ሦስት የኮራል አምባዎች ላይ የተሠራች ናት። ፈረንሳዮች አንደኛውን ፕላቶ ደ ጅቡቲ፣ ሁለተኛውን ፕላቶ ዱ ሰርፓን ማለትም የእባብ አምባ፣ ሦስተኛውን ፕላቶ ዱ ማራቡ ብለው ሰየሟቸው። ቀድሞ በውኃ ተለያይተው የነበሩት እነዚህ አምባዎች በድንጋይና በአፈር ድልድል ተገናኝተዋል። ዛሬ ከመሀል ከተማ ወደ ለስካል የጀልባ ማረፊያ በእግሩ የሚወርድ ሰው በቀኝና በግራው ባሕር የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረንሳይ ወደዚህ ባሕር ዳርቻ የገባችው ግን በጅቡቲ በኩል አልነበረም። በ1862 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለውን ኦቦክን ከአፋር ሹማምንት በ10,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ገዛች። ስዊዝ ካናል በ1869 ሲከፈት ወደ እስያ ለሚጓዙ የእንፋሎት መርከቦቿ የድንጋይ ከሰል መሙያ አስፈለጋት፤ በዚህም ምክንያት ሌዎንስ ላጋርድ በ1884 ኦቦክ ላይ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። በ1885 ከኢሳ ሹማምንት ጋር የተደረገው ውል የባሕረ ሰላጤውን ደቡባዊ ዳርቻ ከፈተለት። ኦቦክ ለመርከብ የሚመች ሰፊ መጠለያ አልነበራትም፤ ወደ ሐረር ለሚወጣው የሲራራ ንግድም ሩቅ ነበረች። የዘይላ ወደብ ደግሞ በብሪታንያ እጅ ነበር። ስለዚህ ላጋርድ ከዘይላ ጋር የሚወዳደር፣ ለሐረር የሚቀርብ አዲስ ሥፍራ ፈለገ፤ በ1888ም የጅቡቲ ከተማ መመሥረት ጀመረች። በ1896 የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ የሚባለው ቅኝ ግዛት ሲቋቋም መናገሻው ኦቦክ መሆኑ ቀርቶ ጅቡቲ ሆነ።

ከዚህ አጭር ታሪክ አንድ ነገር ይታያል። ጅቡቲን ያስገኛት የባሕሩ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን ከጀርባዋ ያለው የደጋው ሀገር ንግድ ነው። የሐረር ቡና፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ መውጫ ስለፈለገ ከተማ ተቆረቆረ። በሌላ በኩል ምድሩ የአፋሮችና የኢሳዎች ነው፤ መርከብም ፈረንሳይም ከመምጣታቸው በፊት ግመሎቻቸውን በዚህ ዳርቻ ያጠጡ ነበር። ኢትዮጵያዊው ጎብኚ ሁለቱንም እውነቶች አንድ ላይ መያዝ ይኖርበታል። ከተማዋ ከኢትዮጵያ ጋር ተሳስራ አደገች፤ የኢትዮጵያ ግን አይደለችም።

የምኒልክ አደባባይ

ከባሕሩ ዳር ወደ መሀል ሲገባ በነጫጭ ሕንፃዎች የተከበበ አደባባይ ይገኛል። ቅስት ያላቸው በረንዳዎች በዙሪያው ይታያሉ፤ በጥላቸው ሥር ቡና ቤቶች፣ ሱቆችና ገንዘብ መንዛሪዎች አሉ። የዓረብ አሠራርና የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥነ ሕንፃ የተቀላቀለበት ይህ ሥፍራ ለብዙ ዘመን ፕላስ ምኒልክ ሲባል ኖሯል። ከነፃነት በኋላ ስሙ የሰኔ 27 ቀን 1977 አደባባይ ተብሎ በይፋ ተለወጠ፤ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑበት የነፃነት ዕለት ነው። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በአሮጌው ስም ይጠራዋል። ታክሲ የሚይዝ ሰው «ምኒልክ» ካለ ሾፌሩ ወዴት እንደሆነ ያውቃል።

የአንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ስም በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት መሀል አደባባይ ላይ እንዴት ወጣ? መልሱ በአድዋ ማግሥት ባለው ዲፕሎማሲ ውስጥ ይገኛል። ከአድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1897፣ ላጋርድ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተዋዋለ። የድንበሩ ነገር ተቆረጠ፤ ጅቡቲም የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ እንድትሆን ስምምነት ተደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱም ላጋርድን የእንጦጦ መስፍን የሚል ማዕረግ ሰጡት። ፈረንሳይ በዚያን ጊዜ የናይልን ወንዝ አሻግሮ የሚያሳያት ወዳጅ ትፈልግ ነበር፤ ምኒልክ ደግሞ ከእንግሊዝና ከጣልያን እጅ ውጭ የሆነ የመሣሪያና የንግድ በር ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ የአደባባዩ ስም ምክንያቱ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የሁለት ወገን ስሌት ነበረበት።

ስሙ መለወጡ ኢትዮጵያዊውን ቅር ሊያሰኘው አይገባም። ነፃ የወጣ ሕዝብ በመሀል ከተማው የነፃነቱን ቀን ስም ቢያኖር ተገቢ ነው። ይልቅ ሊደንቅ የሚገባው፣ ማንም ሳያዝዘው የቀድሞው ስም በተራው ሰው አፍ ሳይጠፋ መቆየቱ ነው።

ለገሃር፦ ባቡሩ የጀመረበት ሥፍራ

ከአደባባዩ ወደ ሰርፓን አምባ በኩል ሲኬድ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ይገኛል። አዲስ አበባ ላይ «ለገሃር» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው የለም፤ ቃሉ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የጅቡቲው ጣቢያ የዚያው ሐዲድ ሌላው ጫፍ፣ እንዲያውም መነሻው ነው። ይህ ሐዲድ ለአማርኛ ያበረከተው ቃል ይህ ብቻ አይደለም። ፉርጎ የምንለው የፈረንሳይኛው «ፉርጎን» ነው፤ ባቡር የሚለው ቃል ራሱ ደግሞ እንፋሎት የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነሥቶ በዓረብኛ በኩል የደረሰን ነው።

ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሼፍኖ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የምድር ባቡር ኩባንያን አቋቋመ። ሥራው በ1897 በጅቡቲ ተጀመረ። ምድሩ ውኃ የሌለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ከሁሉ የከበዱ ነበሩ። በሸበሌና በሆልሆል ጥልቅ ሸለቆዎች ላይ ድልድዮች ተሠሩ። ኢሳዎች፣ ሶማሌዎች፣ የመን ዓረቦችና ጣልያኖች በሥራው ላይ ተሰማርተዋል። ምድሩ ያለ ፈቃዱ የተቆፈረበት አርብቶ አደር አንዳንድ ጊዜ የሠራተኞችን ሰፈር ያጠቃ ስለ ነበር፣ ሐዲዱ የተዘረጋው በድርድርና በግጭት መካከል ነው።

በታኅሣሥ ወር 1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐረር ድረስ ለመውጣት የተራራው ወጪ ስለ ከበደ፣ ባቡሩ በሜዳው ላይ ቆመ፤ በቆመበትም ቦታ ድሬዳዋ ተወለደች። ሁለቱ ከተሞች እኅትማማች የሚባሉት በዚህ ነው፤ የአንድ ሐዲድ ልጆች ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ግን ሥራው ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ድጎማ ሰጥቶ በእጁ ሊያስገባው ሞከረ፤ ይህንን ምኒልክ አልወደዱትም። በሀገራቸው መሀል የሌላ መንግሥት ንብረት እንዲዘረጋ ስላልፈለጉ ከድሬዳዋ ወዲህ እንዲቀጥል አልፈቀዱም። ኩባንያው በ1907 ከሰረ፤ ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ በ1909 ሥራውን ቀጠለ። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር። ፈቃዱ ከተሰጠ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎ፣ የሐዲዱ ርዝመትም 784 ኪሎ ሜትር ሆኖ ማለት ነው። ምኒልክ ግን በ1913 አርፈው ስለ ነበር ባቡሩ ዋና ከተማቸው ሲገባ ለማየት አልበቁም።

ከባቡሩ በፊት ከባሕሩ ወደ ሸዋ የሚደረገው ጉዞ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ይህንን ወደ ሦስት ቀን አወረደው። በመጀመሪያዎቹ አሠርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው አንድ ሌሊት በድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት በአዋሽ ያድር ነበር። አዋሽ ላይ ያለው የቡፌ ሆቴል ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

በ1959 በተደረገው ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ የአክሲዮኑም ግማሽ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሆነ። ከጅቡቲ ነፃነት በኋላ ደግሞ የፈረንሳይ ድርሻ ለጅቡቲ መንግሥት ተላለፈ። በ1977 የኦጋዴን ጦርነት ድልድዮቹ ፈርሰው ጉዞው ተቋርጦ ነበር፤ ጥገና ተደርጎለትም ቀጠለ። ነገር ግን ሐዲዱ እያረጀ፣ መኪናው እየበዛ ሄደ። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ጉዞው እየተቆራረጠ መጥቶ በመጨረሻ ቆመ።

ዛሬ በአሮጌው ጣቢያ ፊት የሚቆም ጎብኚ መንገደኛ አያይም፤ ፉጨትም አይሰማም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሣው ከከተማዋ ወጣ ካለው ከናጋድ ጣቢያ ነው። ይህ መሥመር በጥቅምት 2016 በአዲስ አበባ፣ በጥር 2017 በጅቡቲ ተመርቆ፣ ከ2018 መግቢያ ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ቀድሞ ሦስት ቀን የፈጀው መንገድ አሁን ከአንድ ቀን ያነሰ ሆኗል። አሮጌው ጣቢያ ግን ሌላ ነገር ይዟል፤ በባቡሩ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ የሁለት ሀገር ሠራተኞች ትዝታ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛና ፈረንሳይኛ እየቀላቀሉ በአንድ ዲፖ ውስጥ የሠሩ ናቸው። ሽማግሌዎቹ እያለፉ ሲሄዱ ያ ትዝታ ሳይጻፍ አብሯቸው እያለፈ ነው።

በዚህ በር የወጡና የገቡ

ከጣቢያው እስከ ወደቡ ያለው ርቀት አጭር ነው፤ በዚህ አጭር መንገድ ላይ ያለፉት ሰዎች ታሪክ ግን ረጅም ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን መሳፍንቱንና መኳንንቱን አስከትለው በዚህ ወደብ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። ኢየሩሳሌምን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ለንደንን፣ ሮምንና ሰሜን ድረስ ዘልቀው ስቶክሆልምን ጎበኙ። በዚያው ጉዞ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችም በመስከረም መግቢያ አዲስ አበባ ገቡ፤ «አርባ ልጆች» ተብለው የንጉሣዊው ሙዚቃ ባንድ አባላት ሆኑ። በ1930 ለዘውድ በዓሉ የመጡ የውጭ መልእክተኞችና ጋዜጠኞች ከመርከብ ወርደው ባቡር የያዙት በዚሁ ሥፍራ ነው።

ከዚያ ስድስት ዓመት ሳይሞላ በሩ የኀዘን በር ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. (ግንቦት 2 ቀን 1936) ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተሰባቸው በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። በማግሥቱ ጅቡቲ ደረሱ፤ በሦስተኛው ቀን ኢንተርፕራይዝ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም አቀኑ። በዚያ ሰሞን ከጣልያን ጦር የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በከተማዋ ተጠልለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መውጣታቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር በኢትዮጵያውያን ዘንድ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በለስካል ዳርቻ ቆሞ ባሕሩን ለሚያይ ሰው ግን ክርክሩ በመጽሐፍ ላይ ካለው ይልቅ ይከብዳል፤ ከዚህ ወዲያ የሀገር መሬት የለምና።

በዚህ በር የወጣው ሰው ብቻ አልነበረም። ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ የተጓዘው፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ስሙ «ዳካር-ጅቡቲ» ነበር። ቡድኑ በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችን አንሥቶ በምትካቸው አዳዲስ ሥዕሎችን አስቀመጠ። የቀድሞዎቹ ሥዕሎች ዛሬ ያሉት በፓሪስ ከተማ ቤተ መዘክር ነው። በጉዞው ስም መጨረሻ የምትገኘው ጅቡቲ እንግዲህ ለኢትዮጵያ ቅርስ መውጫም ነበረች።

ከተማዋ ራሷም ችግር አይታለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አስተዳደሯ ለቪሺ መንግሥት በመገዛቱ ብሪታንያ ወደቧን ዘጋችባት። ሕዝቡ በረኀብና በበሽታ ተጎዳ፤ በታኅሣሥ 1942 ከተማዋ በነፃ ፈረንሳዮች እጅ ስትገባ መከራው አበቃ።

ገበያው፣ መስጊዱና ቀጠናዎቹ

ከምኒልክ አደባባይ ወደ ደቡብ ጥቂት ሲራመዱ ከተማዋ መልኳን ትለውጣለች። የበረንዳው ዝምታ ቀርቶ የገበያው ጫጫታ ይጀምራል። እዚህ ያለው አደባባይ ቀድሞ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርቱር ራምቦ ስም ይጠራ ነበር። ራምቦ በ1886 ከታጁራ ተነሥቶ ለምኒልክ ጠመንጃ የወሰደ ነጋዴም ነበር፤ በ1887 እንጦጦ ደርሶ መሣሪያውን ሸጧል። ጅቡቲ ግን ያን ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም ነበር። ዛሬ አደባባዩ የማሕሙድ ሐርቢን ስም ይዟል። ሐርቢ በ1958 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን የተቃወመና በ1960 በአውሮፕላን አደጋ የሞተ የነፃነት ታጋይ ነው። የባለቅኔው ስም ለታጋዩ ስም ቦታ ለቀቀ።

በአደባባዩ ላይ የሐሙዲ መስጊድ ነጭ ሚናሬት ይታያል። በ1906 የተሠራው ይህ መስጊድ የከተማዋ መለያ ሆኖ በፖስታ ካርድ ላይ ሲዞር የኖረ ነው። ስሙ የመጣው ካሠራው የመን ነጋዴ ነው። በዙሪያው ሽቶ፣ ሽርጥ፣ ቅመማ ቅመም፣ የፕላስቲክ ዕቃና ልብስ የሚሸጡ ሴቶች ከጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እኩለ ቀን ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም አንድ ነገር ይጠብቃል። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት በየዕለቱ ይደርሳል፤ እርጥብ ጆንያ በለበሱ ጠረጴዛዎች ላይ ሲዘረጋ መንገዱ በአንድ ጊዜ ይሞላል፣ ከዚያም ከተማው ጸጥ ይላል። ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት፣ ማታ እንደገና ሕይወት፤ የጅቡቲ የቀን አከፋፈል ይህ ነው። ጎብኚም ይህንን ካላወቀ የተዘጋ በር ሲያንኳኳ ይውላል።

ለምሳ በየመኖች ቤት በሸክላ ምድጃ ተጠብሶ ከትልቅ ስስ ዳቦ ጋር የሚቀርበው ዓሣ የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ነው። በሐበሻ ቤቶች እንጀራ በወጥ፣ በጾም ቀን ሽሮና በያይነቱ አይጠፋም። የሶማሌው ለሖሕ ከእንጀራ ጋር ዘመድ መሆኑን አንዴ የቀመሰ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም።

ከገበያው ወዲያ በቁጥር የሚጠሩት ቀጠናዎች ይጀምራሉ። በቅኝ ግዛቱ ዘመን አውሮፓውያን በአምባዎቹ ላይ፣ የሀገሬው ሰው በዝቅተኛውና ጎርፍ በሚያጠቃው መሬት ላይ እንዲኖር ተደርጎ ነበር፤ ቁጥሩም ከዚያ የቀረ ነው። በነሐሴ 1966 ጄኔራል ደ ጎል ከተማዋን ሲጎበኝ ሕዝቡ ነፃነት የሚል መፈክር ይዞ ወጣ፤ ደምም ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ከተማዋን በሽቦ አጥርና በፈንጂ ከበበ። ወደ ሥራ ለመግባት የሞከሩ ድሆች በዚያ አጥር ላይ ሞቱ። ከአጥሩ ውጭ የቀሩት ሰዎች የሰፈሩበት ሥፍራ ባልባላ ይባላል፤ ዛሬ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት የከተማዋ ክፍል ሆኗል። ባልባላ በጉብኝት መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ሆኖም ነፃነት ምን ዋጋ እንደተከፈለበት የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ሥፍራ የለም።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ

ቀን የተረፈው ጎብኚ ከለስካል ጀልባ ይዞ ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ይሄዳል፤ ኮራሉና ጥርት ያለው ውኃ ዋናተኛን ይስባል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ በአርታ ዳርቻ በኩል ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍና ሰው የማይነካ ዓሣ ይታያል። ለጉብኝት የሚመቸው ጊዜም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው፤ በበጋው ካምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ አሸዋ እየነዛ ይመጣል።

ከማዶ የምትታየው ታጁራ በዕድሜ ከጅቡቲ እጅግ ትበልጣለች፤ ሰባት መስጊዶች አሏት ይባላል፤ የአፋር ሱልጣኖችም መቀመጫ ናት። ከአንኮበር የሚወርደው የሸዋ ሲራራ የሚደርሰው እዚህ ነበር። ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ወደ ታች ከሚወርደው መካከል ግን ባሪያ ሆነው የተሸጡ የደጋው ልጆች ነበሩበት። ብዙዎቹ ከዚህ ዳርቻ በጀልባ ወደ ዓረብ ምድር ተሻግረው አልተመለሱም። ይህ ታሪክ የአንድ ወገን ጥፋት አይደለም፤ የማረኩት፣ የሸጡት፣ ያመላለሱትና የገዙት ሁሉ እጃቸው አለበት።

ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የዐሳል ሐይቅ ይገኛል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያለው ይህ ሐይቅ በአፍሪካ ከሁሉ ዝቅ ያለው ሥፍራ ነው። ዳርቻው እንደ በረዶ የነጣ ጨው ነው። አፋሮች ይህንን ጨው በግመል ጭነው ለዘመናት ወደ ኢትዮጵያ ሲያወጡት ኖረዋል።

በዐሳል መንገድ የሚጓዝ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። በፀሐይ ውስጥ የውኃ ጠርሙስ ብቻ ይዘው በቡድን በእግራቸው የሚሄዱ ወጣቶች ያጋጥሙታል። ከኢትዮጵያ ተነሥተው ወደ ኦቦክ የሚያመሩ ናቸው፤ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ዓረብያ ለመሻገር። በባሕሩ ላይ የጠፉት ብዙ ናቸው። በሚያዝያ 2024 ብቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ተገልብጠው በርካታ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ፈረንሳይ በ10,000 ብር የገዛችው ኦቦክ ዛሬ የኢትዮጵያ እናቶች ስሙን በሥጋት የሚጠሩት ሥፍራ ሆኗል። ባለካሜራው ጎብኚና ባዶ እግሩ ስደተኛ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። በመኪናው ውስጥ ውኃ የያዘ ሰው ቆሞ ቢሰጥ የጉብኝቱ ትልቁ ቁም ነገር ይሆንለታል።

ወንዙ ያልደረሰበት ባሕር

በደቡብ ምዕራብ በሁለቱ ሀገሮች ድንበር ላይ ያለው የአቤ ሐይቅ የጉብኝቱ መደምደሚያ ሊሆን ይችላል። ሜዳው ላይ የቆሙት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ከርቀት ሲታዩ የፈረሰ ከተማ ይመስላሉ፤ ከአንዳንዶቹም እንፋሎት ይወጣል። ወደዚህ ሐይቅ የሚገባው ውኃ የአዋሽ ነው። ከአዲስ አበባ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ ሸዋንና አፋርን አቋርጦ ወደ ባሕሩ ሲገሠግሥ ይመጣና፣ ባሕሩ ሳይደርስ እዚህ በጨዋማው ሜዳ ያልቃል። ወንዙ ያልቻለውን ጉዞ የሰው እጅ በሐዲድ ፈጸመው።

ያ ትስስር ዛሬም እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። ከ1998 ጦርነት በኋላ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የኢትዮጵያ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ሆነ፤ ዶራሌ ላይም አዳዲስ ወደቦች ተሠሩ። ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የጅቡቲን ቤቶች ያበራል፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከሐደጋላ የሚወርደው የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ወደ ከተማዋ ይደርሳል። ጨው ወጥቶ ውኃ ወረደ ማለት ይቻላል። እንዲህ የተሳሰሩ ሕዝቦች አንዱ ሌላውን እንደ መተላለፊያ ብቻ ቢያይ የሚጎዳው ሁለቱንም ነው። የሚታለፍበትን ቦታ ማንም አይንከባከበውም፤ የሚያውቁትን ቤት ግን ሰው አይንቅም።

ስለዚህ በጅቡቲ የሚኖር አማርኛ አንባቢ በአንድ የዕረፍት ቀን፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ልጆቹን ይዞ ከለስካል እስከ አሮጌው ጣቢያ፣ ከጣቢያው እስከ ምኒልክ አደባባይ፣ ከአደባባዩ እስከ ሐሙዲ መስጊድ ቢሄድ አይቆጭም። ጉዞው ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። በጣቢያው አካባቢ አንድ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ካጋጠመውም ሰላምታ ሰጥቶ ቢጠይቀው መልካም ነው። በመጽሐፍ ያልተጻፈው የዚህች ከተማ ታሪክ ያለው ከእርሱ ዘንድ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ደግሞ በየዓመቱ እያነሰ ሄዷል።